ዕውቀት በቁና ይሰፈራል ወይ?

(ለከፍተኛ ትምህርት መምህራን ውይይት የቀረበ ንግግር)



ለመሆኑ የአንድ ምሁር ክብደት የሚለካው በምንድን ነው? ዛሬ ዛሬ መልሱ «በቁጥር» ሆኗል። ስንት ጽሑፍ አሳተመ? ስንት ሰው ጠቀሰው? በቃ! ጽሑፉን ያነበበው አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጠፍቷል።

የዚህ ቆጠራ አባት አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚያሳይ የሳይንስ መዝገብ ሲያወጣ ዋና ዓላማው ተመራማሪው የሚፈልገውን ጽሑፍ በቀላሉ እንዲያገኝ ነበር። ኋላ ግን መፈለጊያው መስፈሪያ ሆነና አረፈው! በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ «ኤች ኢንዴክስ» የሚባለውን አመጣ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ያሉት ሰው 10 ያገኛል። ሂርሽ ራሱ አንድ ቁጥር የሰውን ሥራ በሙሉ እንደማያሳይ፣ የባዮሎጂ ሰዎች ቁጥርም ከፊዚክሶቹ እንደሚበልጥ ያኔውኑ አስጠንቅቋል። ማን ሰማው?

ነገሩ እንዲህ ነው። በሕክምና አንድ ጽሑፍ ላይ ብዙ ሰው ይፈርማል፤ ማጣቀሻውም ይደረደራል። የሒሳብ ሰው ብቻውን ዓመታት ይደክማል፤ የሚጠቅሰውም ጥቂት ነው። የታሪክ ሰው መጽሐፍ ይጽፋል፤ መዝገቦቹ ግን በአብዛኛው የሚያዩት በእንግሊዝኛ የሚታተሙ መጽሔቶችን ነው። ታዲያ በአማርኛ በጻፏቸው መጻሕፍት ትውልድ ታሪክ የተማረባቸውን ተክለ ጻድቅ መኩሪያን በዚያ መዝገብ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አይሆንም ወይ? ጤፍ በቁና ይሰፈራል። ማርንም በቁና ልስፈር የሚል ነጋዴ ግን ገበያተኛው ይስቅበታል።

በዓለም ላይ እጅግ ከተጠቀሱት ጽሑፎች ቀዳሚው በ1951 የወጣው የሎውሪና የባልደረቦቹ ጽሑፍ ነው፤ የፕሮቲን መጠን መለኪያ ዘዴ ነው። ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። የዲኤንኤን ቅርጽ የገለጠው የ1953ቱ ጽሑፍ ግን በ2014 በተደረገው ቆጠራ ከመጀመሪያዎቹ 100 ውስጥ እንኳ አልገባም። በ2013 ኖቤል የተሸለመው ፒተር ሂግስ ከ1964 በኋላ ያሳተመው 10 አይሞላም። በዛሬው አሠራር ዩኒቨርሲቲ እንደማይቀጥረው ራሱ ተናግሯል።

ከእኛም አክሊሉ ለማን እንይ። በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የብልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድል ተክል የተገኘው እንዲህ ነው። የዚህ ሥራ ፍሬ የሚታየው ወንዝ ዳር እንጂ መዝገብ ላይ ነው ወይ?

ጉዳቱ የእንጀራ ጉዳይም ነው። የመምህሩ ማዕረግና ደመወዝ በኅትመት ላይ ሲንጠለጠል፣ ገንዘብ እየተቀበለ ሳያነብ የሚያትም መጽሔት ገበያ ይደራለታል። «ጥቀሰኝ ልጥቀስህ» መባባሉም እከክልኝ ልከክልህ ነው። ስለ አገሩ በሽታ፣ ስለ አገሩ ቋንቋ የሚያጠናው ግን ወደ ኋላ ይቀራል።

በ2012 ሳንፍራንሲስኮ ላይ የተሰባሰቡ የሳይንስ መጽሔት አዘጋጆችና አሳታሚዎች የመጽሔትን ደረጃ ለቅጥርና ለዕድገት መለኪያ አታድርጉ ብለዋል። እኛም የምንለው ይኸው ነው። ቁጥሩ ይታይ፤ ግን በየሙያው ይመዘን። ዕድገት የሚሰጠው ኮሚቴም የሰውየውን ሦስት ምርጥ ሥራዎች ቁጭ ብሎ ያንብብ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና፣ ቆጥራችሁ ሳይሆን አንብባችሁ ሹሙ!