ስለ ፉማሬዝና ስለ ቤተሰባችን የጤና ታሪክ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ጤና አንድ ነገር እንድንናገር ሲጠይቁን፣ ስለ ደም ግፊት እንደምንናገር ሳይገምቱ አልቀሩም። እኛ ግን የመረጥነው ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ሰምተን የማናውቀውን፣ ፉማሬዝ የሚባለውን ኤንዛይም ነው። ምክንያቱን በኋላ እንመጣበታለን።

በሕዋሶቻችን ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። የበላነው እንጀራ ተፈጭቶ፣ በደም ተጉዞ፣ በመጨረሻ እነርሱ ዘንድ በኦክሲጅን ጉልበት ይሆናል። ሥራው በዙር የሚከናወን መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1937 ያስረዳው በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ሐንስ ክሬብስ ነው። ዙሩን ቤት ሲሠራ ድንጋይ በሚቀባበል ደቦ መስለን እንየው። እያንዳንዱ ኤንዛይም ከጎረቤቱ ተቀብሎ፣ ጥቂት ጠርቦ ለሚቀጥለው ያቀብላል። የፉማሬዝ ድርሻ ፉማሬት የተባለውን ንጥረ ነገር ከውሃ ጋር አዋሕዶ ማሌት ወደሚባለው መለወጥ ነው። ይህ ሠራተኛ ከሰልፉ ቢጎድል ሥራው ይጓተታል ብለን እናስብ ይሆናል። ነገሩ ግን ከዚያ ይብሳል፤ ድንጋዩ በቦታው ይከመራል፣ ክምሩም ራሱ ጉዳት ያመጣል።

ጉዳቱ እንዲህ ነው። ሕዋስ ኦክሲጅን ሲያጥረው የሚያውቅበት ዘዴ አለው። ይህን ዘዴ የደረሱበት ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሴሜንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ኦክሲጅን በበቂ ሲኖር፣ ሂፍ የሚባለው የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን ወዲያው እየፈረሰ ይጠፋል። የተከመረው ፉማሬት ግን ይህን የማፍረስ ሥራ ያግዳል። ስለዚህ ሕዋሱ ኦክሲጅን ሞልቶ ሳለ "ታፈንኩ" ብሎ ይጮኻል፤ አዲስ የደም ሥር ይስባል፣ ስኳርም አብዝቶ ይውጣል። ለዕጢ እንዲህ ያለው ሁኔታ ይመቸዋል።

የነቀርሳን ስኳር ወዳድነት ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ተመልክቶት ነበር። የነቀርሳ ሁሉ ሥር የሚቶኮንድሪያ መበላሸት ነው ብሎም ደመደመ። በኋላ ግን የአብዛኛው ነቀርሳ ሚቶኮንድሪያ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ፤ ግምቱ የቀረበው እንደ ፉማሬዝ ባሉት ጥቂቶች ላይ ነው። በነገራችን ላይ፣ "እንግዲያው ስኳር ብንተው ነቀርሳ ይጠፋል?" ለሚለን መልሳችን አይጠፋም ነው። ሰውነት ከእንጀራውም ከሽሮውም ስኳር ያወጣል፤ ጉበትም ራሱ ይሠራል።

አሁን ወደ ምክንያታችን። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ የተበላሸ የፉማሬዝ ጂን ከእናት ወይም ከአባት እንደሚወረስ አሳወቁ። ጂኑ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የማለፍ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። ከሌላው ወላጅ የመጣው ደህናው ጂን ደግሞ በዕድሜ መካከል በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሲጠፋ ዕጢው ይጀምራል። በእነዚህ ቤተሰቦች ሴቶች ገና በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜያቸው ብዙና ትልልቅ የማሕፀን ዕጢ ይወጣባቸዋል፤ በቆዳ ላይ ብርድ ሲነካቸው የሚያሙ እብጠቶች ይታያሉ፤ በአንዳንዶቹም ላይ በፍጥነት የሚዛመት የኩላሊት ነቀርሳ ይነሣል። እኅቶቻችን አትደንግጡ፤ የማሕፀን ዕጢ እጅግ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውም ከዚህ ጂን ጋር አይገናኝም፣ ነቀርሳም አይደለም። በተለይ ጥርጣሬ የሚያነሣው እንዲህ ያለው ዕጢና የኩላሊት ነቀርሳ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲገናኙ ነው።

መገናኘታቸውን ታዲያ ማን ይንገረን? ሐኪሙ "እናትዎ በምን ሞቱ?" ሲለን የብዙዎቻችን መልስ "በአጭር ሕመም" ነው። ነቀርሳን ስሙን ሳንጠራ "ያ ክፉ በሽታ" ስንል ኖረናል። አክስታችን በልጅነቷ ማሕፀኗን ለምን አስወጣች? አጎታችን በ40 ዓመቱ የሞተው በኩላሊት ጠጠር ነው ወይስ በሌላ? ይህን የሚያውቁት አገር ቤት ያሉት ትልልቆቹ ናቸው፤ እነርሱም አንድ በአንድ እያለፉ ነው።

ማወቁ የሚለውጠው ነገር አለ። ጂኑ እንዳለባቸው በምርመራ የተረጋገጠ ሰዎች ከልጅነት ጀምሮ በየዓመቱ ኩላሊታቸው በኤም አር አይ ይታያል። በዘር የሚወረሱ ሌሎች የኩላሊት ዕጢዎች ትንሽ ሳሉ አንዳንዴ በክትትል ብቻ ይቆያሉ። ይኸኛው ግን ትንሽም ቢሆን ቶሎ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት። የቤተሰቡን ታሪክ ያልሰማ ሐኪም መጠበቅን ሊመርጥ ይችላል።

"ብመረመር የጤና ኢንሹራንስ ይከለክሉኛል" የሚል ሥጋት ከአባላት ሰምተናል። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሕግ የጤና ኢንሹራንስ ኩባንያዎች በጂን ምርመራ ውጤት ሰውን እንዳይለዩ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይመለከትም፤ ከምርመራው በፊት ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የቤተሰብ የጤና ታሪክ የሚሞላበት ቅጽ በአማርኛ አዘጋጅተን አስቀምጠናል። ለአያቶች፣ ለወላጆች፣ ለአጎቶችና ለአክስቶች ቦታ አለው፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ በሽታውና የጀመረበት ዕድሜ ይጻፋል። እሑድ ወደ አገር ቤት ስትደውሉ ከፊታችሁ አስቀምጡት።