የመጸው ቅጠልና የልጆች ሥዕል



በሰሜን አገሮች መጸው ሲገባ ቀኑ እያጠረ ብርዱም እየበረታ ስለሚሄድ፥ ዛፉ ለቅጠሉ አረንጓዴ መልክ የሚሰጠውን ክሎሮፊል ማዘጋጀት ይተዋል። ያን ጊዜ ከአረንጓዴው ሥር ተሸፍኖ የከረመው ብጫ ይገለጣል፤ ቀዩ ግን አብዛኛውን በዚያው ወራት የሚሠራ ነው። የዚያ አገር መምህራንም የረገፈውን ቅጠል በልጆች አስለቅመው ከወረቀትና ከጨርቅ ጋራ እያጣበቁ፥ በቀለምም እያስጌጡ ሥዕል ያሠራሉ።

ይህ መልካም ነው። እኛ ግን ትምህርቱን ከነቅጠሉ ቀዳነው። የእኛ መጸው፥ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን፥ የአበባና የእሸት፥ ኋላም የአጨዳ ወራት መሆኑን ዘነጋን።

እኔው ራሴ በኅዳር ወር «መጸውን ሥሩ» ብዬ ባዝዝ፥ አንድ ልጅ የጤፍ ጭድና የደረቀ አደይ አበባ በግራር ሙጫ ለጥፎ፥ ሰማዩን በውሃ ቀለም ቀብቶ አመጣልኝ። ቀይ ቅጠል የለበትም ብዬ ማርኩን ቀነስሁበት። ልጁ ምንም አልመለሰልኝም፤ ከዚያ ወዲህ ግን የመጽሐፉን ሥዕል ገልብጦ ከማምጣት በቀር ከደጁ አንዳች ነገር ለቅሞ አላመጣም።

ሙጫና ጭድ ሥዕል አይባልም የሚል ሹም ቢኖር፥ ፒካሶ በ1912 እ.ኤ.አ. ከሸራው ላይ ሙሻማ ለጥፎ ዙሪያውን በገመድ እንደ ከበበው ያስታውስ።

በየትምህርት ቤታችን አጥር ያለው ነጭ ባሕር ዛፍ እንኳ ለመጀመሪያ ይበቃል፤ የችግኙ ቅጠል ሰፊና አመድማ ሰማያዊ፥ የትልቁ ዛፍ ግን እንደ ማጭድ የቀጠነ ነው። የኮባ ቅጠል ሲደርቅ በጅማቱ ይሰነጠቃልና፥ ሳይደርቅ ቆርጦ ማጣበቅ ይሻላል።