ቀነ ገደብ ያጣ ሕግ

በካሊፎርኒያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣

በ2017 እ.ኤ.አ. የቴኒስ ኮከቧ ሴሬና ዊሊያምስ በፍሎሪዳ በቀዶ ሕክምና በተገላገለች ማግስት ትንፋሽ አጠራት። ከዚህ ቀደም የደም መርጋት ስላገኛት ምን እንደያዛት አላጣችውም። ሲቲ ስካንና ደም ማቅጠኛ እንደሚያስፈልጋት ለነርሷ ነገረቻት። ነርሷ ግን ማስታገሻው ያደናገራት መሰላት። ቀድሞ እግሯ በአልትራሳውንድ ታየ፤ ምንም አልተገኘም። ሲቲ ስካኑ ሲነሣ የረጋው ደም ሳንባዋ ውስጥ ተገኘ። ስምና ሀብት ያላት ሴት ለመደመጥ ይህን ያህል ከደከመች፣ እንግሊዝኛው የሚያስቸግራት ወላድ ምን ይውጣት?

ካሊፎርኒያ በ2019 ሕግ ያወጣችው እንዲህ ያለውን ችግር ለመቅረፍ ነው። ሴናተር ሆሊ ሚቼል ያቀረቡት ይህ ሕግ ወላዶችን የሚረዱ ባለሙያዎች ሳያውቁት ስለሚያድርባቸው አድልዎ እንዲሠለጥኑ፣ ሥልጠናውም በየሁለት ዓመቱ እንዲታደስ አዘዘ። አድልዎ የደረሰባት ታካሚ አቤት የምትልበት ቦታም በጽሑፍ እንዲነገራት ደነገገ።

ጉድለቱ ግን ግልጽ ነበር፤ ቀነ ገደብም ቅጣትም አልነበረውም። የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2021 የወሊድ አገልግሎት የሚሰጡ ተቋማትን ስለ አፈጻጸሙ ሲጠይቅ፣ ሥልጠናውን የጀመሩት ከአምስት አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ጥያቄው ከደረሳቸው በኋላ ግን ብዙዎቹ ተጣደፉ። በ2024 የወጣው ማሻሻያ ከዚህ ተምሯል፤ ተቋማቱ መፈጸማቸውን በየዓመቱ ለዐቃቤ ሕጉ እንዲያረጋግጡ አዘዘ፤ ለጣሰ ተቋምም መጀመሪያ 5,000፣ ከደገመ 15,000 ዶላር ቅጣት አስቀመጠ።

ተቆጣጣሪ የሌለው ሕግ ጥርስ የሌለው አንበሳ ነው። ይሁንና ዐቃቤ ሕጉ የሚቆጥረው የሠለጠነውን ሠራተኛ ነው እንጂ ምጥ ላይ ያለችው ሴት እንዴት እንደተያዘች አይደለም። ይህን ማሳወቅ የምትችለው ራሷ ናት፤ አቤቱታዋ ካልተጻፈ በደሏ ከመዝገብ ይቀራል።

እዚህ ላይ የእኛው ይሉኝታ እንቅፋት ይሆናል። «ሐኪሙ ያውቃል» ብለን ሕመማችንን እንውጣለን፤ ባልን ወይም ልጅን አስተርጓሚ አድርገን እናስገባለን። በፌዴራል ሕግ መሠረት የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ ወደ ወሊድ ክፍል ስትገቡ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ያመማችሁን ደግማችሁ ተናገሩ። ካልተሰማችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ አቤት በሉ። ሕጉ ሥራውን የሚሠራው በእናንተ አቤቱታ ነው።