አሮጌ የኋላ ጎማ በአዲስ ሞተር ላይ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከተደረገ ገለጻ)

ዛሬ የማወራው ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ነገር ነው። የአዲሱ ሞተር የኋላ ቸርኬ ተጣሟል፣ ወይ ራጂው በጨው ተበልቶ ተበጥሷል፤ ጥግ ላይ ደግሞ የድሮ ሞተር ሙሉ ጎማ ተጋድሟል። ፋራሳን ደሴት ናት። ዕቃው ከጂዛን በመርከብ እስኪሻገር ሥራ ይቆማል፣ ሥራ ከቆመ ለቤት የሚላከው ይቀራል። ታዲያ አሮጌው ይገጠማል ወይ?

ሊገጠም ይችላል። ግን ፔርኖው ስለገባ ብቻ ተገጠመ አይባልም፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የማይሆነውን ልንገራችሁ፣ በከንቱ እንዳትደክሙ። የአዲሱ የኋላ ፍሬን ዲስክ፣ የአሮጌው ደግሞ ሸራ ከሆነ ተዉት። ኤቢኤስ ያለውንም ተዉት፤ ጎማው ላይ ያለውን ጥርሳም ቀለበት የሚያነብ ሴንሰር አለ፣ ቀለበቱ ከሌለ ኤቢኤሱ ሥራ ያቆማል። ሞተሩ የከፊል ከሆነ ደግሞ ሳትነግሩት አትፍቱ። አንድ ነገር ቢፈጠር የሚመጣው ጥያቄ «ማን ነካው?» ነው፣ መልሱም እናንተ ናችሁ።

ሁለቱም የሸራ ፍሬን ከሆኑ እንቀጥል። የፔርኖውን ውፍረት በካሊፐር ለኩ፣ ከዚያ ኩሽኔታው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 6301 ከሆነ ቀዳዳው 12 ሚሊሜትር ነው፣ 6302 15፣ 6303 ደግሞ 17። የአዲሱ ፔርኖ ከወፈረ አንዳንዴ ኩሽኔታ መቀየር ያድናል፤ 6303ን አውጥታችሁ 6204 ብትከቱ የውጭ ስፋቱ 47፣ ወርዱ 14፣ ልክ እንደነበረው ነው፣ ቀዳዳው ግን 20 ይሆናል። ቀጭን ፔርኖ በቆርቆሮ ጠቅልሎ ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ መክተት ግን፣ እባካችሁ፣ ይቅር።

አሁን ሰው የሚረሳው። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሐል አንዲት ቱቦ አለች። ዳዶውን ስታጠብቁ ኃይሉ ከአንዱ ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት ወደ ሌላው የሚያልፈው በእሷ ነው። ከሌለች ወይም ካጠረች ኩሽኔታዎቹ ወደ ውስጥ ይጨመቃሉ፣ ይግላሉ፣ መንገድ ላይ ይፈርሳሉ። ፔርኖው ከወፈረ እሷም አብራ መቀየር አለባት። በጎማውና በሹካው መሐል የሚገባውም ቡሽ እንዲሁ ነው፤ ሮንዴላ ደርድራችሁ አትሙሉት፣ አንድ ወጥ ቡሽ በቶርኖ አስቆርጡ። ቶርኖ ቤት ካጣችሁ ልኩን በሚሊሜትር ጽፋችሁ ወደ ጂዛን ለሚሻገር ልጅ ስጡት፣ አሠርቶ ይመጣል። ቡሹን ከማስቆረጣችሁ በፊት ግን ኮሮናውን ከፊተኛው ፒኞን ጋር በክር አስተያዩ፤ ካቴናው ቀጥ ብሎ ካልሄደ ጥርሱን ይበላል፣ ይወልቃልም። ቸርኬውም በሹካው መሐል ይቁም።

ካቴና ካነሳን፣ 420 እና 428 አይናችሁን ያታልላሉ። የጥርሱ ርቀት በሁለቱም 12.7 ሚሊሜትር ነው፣ ወርዳቸው ግን ይለያያል። የ420 ካቴና በ428 ኮሮና ላይ አይቀመጥም። ያ ሲሆን ኮሮናውን ቀይሩ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የፍሬኑን ሳህን ከሹካው ጋር የሚያስረው ዘንግ ነው። ፍሬን ስትረግጡ ሳህኑ ከጎማው ጋር መዞር ይፈልጋል፣ የሚከለክለው ያ ዘንግ ብቻ ነው። የአሮጌው ሳህን ጆሮ ከአዲሱ ሹካ ጋር ስላልገጠመ በሽቦ ጠፍሮ የሚነዳ ሰው አይቻለሁ! ሽቦው ሲበጠስ ሳህኑ ይዞራል፣ የፍሬኑን ዘንግ ይገነጥላል፣ ጎማውም በሩጫ ላይ ሊቆለፍ ይችላል። የሚቻል ከሆነ የአዲሱን ሞተር ሳህን ወደ አሮጌው ጎማ አዛውሩት፤ ካልገባ ሥራውን እዚያው አቁሙና ዕቃውን ጠብቁ።

ጎማውም ዕድሜ አለው። ጎኑ ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር፣ ለምሳሌ 2319፣ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። 10 ዓመት ያለፈው፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም፣ ይጣላል። የተሰነጣጠቀማ ዕድሜውም አይጠየቅም። ራጂ ያለው ቸርኬ ካላማዳሪያ ይፈልጋል፣ እሱን አዲስ ግዙ።

ከገጠማችሁ በኋላ ዕቃ ሳትጭኑ ትንሽ ነድታችሁ ቁሙና እምብርቱን በጥንቃቄ ዳስሱ። ፍሬን ሳትበዙ ከጋለ ወይ ሸራው ይዟል ወይ ኩሽኔታው ተጨምቋል፤ ፍቱት። ካልጋለ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ።

ካሊፐሩ በማኅበሩ የዕቃ ሣጥን ውስጥ ነው። የሚወስድ ሰው ስሙን ያስመዝግብ፣ ሲመልስም ጨው እንዳይበላው ዘይት በነካ ጨርቅ ይጠቅልልልን።