አያቴ መርዶ ነጋሪ ነበረች

ዛሬ ስለ አያቴ እንድናገር ጠይቃችሁኛል።

አያቴ የኖረችው ጉራጌ አገር፣ እምድብር አጠገብ ነው። ካቶሊክ ነበረች። ማንበብ አትችልም፤ መቁጠሪያዋ ግን ከአንገቷ አይወርድም። እንሰት ስትፍቅ እጇ ስለሚርስ አታወጣውም። መፋቂያውን እንደያዘች ጣቶቿን ተራ በተራ ጫን እያደረገች ትደግማለች፤ አሥር ጣት፣ አሥር ጊዜ «ሰላም ላንቺ ይሁን»። መቁጠሪያ በማይፈቀድበት ቤት የምትሠሩ፣ ይህን ያዙ።

ማክሰኞና ዓርብ የሐዘን ምሥጢራት እንደሆነ አትስትም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ2002 እ.ኤ.አ. የብርሃን ምሥጢራትን ሲጨምሩ ካቴኪስቱ መጥቶ አስተማረን። «በስተርጅናዬ አምስት ተጨማሪ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን ሐሙስን አላለፈችም።

የሰፈር ሰው ዘመዱ ሩቅ አገር ሲሞትበት የሚጠሩት እሷን ነበር። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ሳይነጋ፣ ሰው ተሰብስቦ። አያቴ የራሷ ደንብ ነበራት። ማታ አትናገርም። ሐዘንተኛዋ እራት መብላቷን ግን በዘዴ ታጣራለች። የሚይዙና የሚደግፉ ሁለት ጎረቤቶች ሳታስከትል ደጅ አትረግጥም። ተናግራም አትሄድም፤ ለቅሶው በረድ ሲል መቁጠሪያዋን ታወጣለች። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጎረቤት አብሯት ዝም ብሎ ይቀመጣል።

የእሷን ሞት እኔ የሰማሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ስደውል «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»፣ «ተኝታለች» ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ አንዲት የአገሬ ልጅ «ነፍሷን ይማር» ብላ በስልክ ጻፈችልኝ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ማዳም እንግዳ አለባት፤ እኔ ሳህን እያጠብኩ ነው። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ አለቀስኩ። ብዙዎቻችሁ ያንን ቧንቧ ታውቁታላችሁ።

ቤተሰቦቼን አልወቅስም። በሰው ቤት ብቻዬን ወድቄ እንዳልቀር ፈርተው ነው። መደበቁም ግን የራሱ ቁስል አለው። አምስት ወር ሙሉ ለመድኃኒቷ ብዬ ገንዘብ ልኬአለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የጓደኛችሁን ሐዘን ቀድማችሁ ከሰማችሁ አትጻፉላት። ፌስቡክ ላይም የሟቹን ፎቶ ለመለጠፍ አትሽቀዳደሙ። እሑድን ጠብቁ፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ንገሯት። እሑድ የማትወጣ ከሆነች፣ በዚያው ሕንፃ የምትሠራ ሐበሻ አትጠፋምና በእሷ በኩል ይሁን። ከበረንዳ ወደ በረንዳም ቢሆን የሰው ፊት ከስልክ ይሻላል።

እኔን በሚቀጥለው እሑድ እዚሁ ቤይሩት፣ ከቅዳሴ በኋላ እህቶች ከበቡኝ። ቡና ተፈላ። ያን ጊዜ ነው በአማርኛም በጉራግኛም፣ ጮክ ብዬ ያለቀስኩት። ከዚያ መቁጠሪያ ደገምን። አንዷ ያመጣችውን ዳቦ ቆርሰን በላን፤ ለእኔ ተዝካሯ ያ ነበር።

ኖቬምበር 2 የሙታን ሁሉ መታሰቢያ ነው። ብዙዎቻችን ያን ቀን ሥራ ላይ ስለምንሆን፣ የሟቾቻችሁን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ስጡኝ፤ ለካህኑ አደርሳለሁ። መጻፍ የማትችል በጆሮዬ ትንገረኝ። የክርስትና ስማቸውን ካላወቃችሁ፣ ቤት ውስጥ የምትጠሯቸው ስም ይበቃል።