መስፈሪያው በማን እጅ ነው?



አንድ ፕሮግራም በአንድ ቀበሌ ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ ገምጋሚ ይላካል። ገምጋሚው ጥያቄዎቹን ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዴም ከባሕር ማዶ ይዞ ይመጣል፤ ቤት ለቤት ዞሮ መልስ ይሰበስባል፤ ይሄዳል። ሪፖርቱ ሲወጣ «ማኅበረሰቡ ተሳትፏል» የሚል ቃል አይጠፋውም። እኔ ዛሬ የምከራከረው ይህ ተሳትፎ እንዳልሆነ ነው። የተጠየቀ ሰው መልስ ሰጪ ነው፤ ገምጋሚ የሚባለው ምን መለካት እንዳለበት የወሰነው ነው። ቁናው በሌላ ሰው እጅ ከሆነ፣ ሞላ ወይም ጎደለ የሚለውም ያው ሰው ነው።

የማኅበረሰብ ሥነ ልቦና የሚባለው የዕውቀት ዘርፍ የተወለደው ከተመሳሳይ ቅሬታ ነው። ጆርጅ አልቢ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ጥናት፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ የቱንም ያህል ቢሠለጥን ለሚያስፈልገው ሕዝብ እንደማይዳረስ በቁጥር አሳየ። በ1965 ደግሞ 39 ባለሙያዎች በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስዋምፕስኮት ከተማ ተሰበሰቡ። ሕመምተኛው ክሊኒክ እስኪመጣ ተቀምጦ መጠበቅ ይብቃን፤ ሰው የሚታመምበትን ሰፈር፣ ትምህርት ቤትና የሥራ ቦታ እንመርምር አሉ። ዘርፉ ልደቱን ከዚያ ጉባኤ ይቆጥራል። ዊልያም ራያን በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የተበደለውን ሰው መልሶ በበደሉ ተጠያቂ የማድረግን ልማድ ራቁቱን አስቀረው። ይህን መጽሐፍ ሳስብ የራሳችን ሪፖርቶች ትዝ ይሉኛል። ፕሮጀክቱ ካልሠራ ምክንያቱ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው? «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት»። የፕሮጀክቱ የግንዛቤ እጥረት ተብሎ የተጻፈበት ሪፖርት እስካሁን አላየሁም።

አሁን ወደ አንድ የምናውቀው ጉዳይ እንምጣ። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው ያቀፈ ነበር፤ ኋላ ወደ ስምንት ሚሊዮን አድጓል። ጉልበት ያለው በእርከን፣ በመንገድና በኩሬ ሥራ ተሰማርቶ፣ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ፣ ገንዘብ ወይም እህል ያገኛል። ማን ይግባ የሚለው የሚጣራው በቀበሌው ሰዎች ነው፤ ተበደልኩ ለሚልም ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ተደንግጓል። በወረቀት ላይ ሕዝብን በማሳተፍ ከብዙ አገር ፕሮግራሞች ይልቃል።

እንግዲህ ገምጋሚው አንዲት ተጠቃሚ እናት ቤት ገባ እንበል። «እማማ፣ ፕሮግራሙ ኑሮዎን አሻሽሎልዎታል?» ይላል። «አዎ፣ ተሻሽያለሁ» ቢሉ ተመርቀዋል ተብለው ከዝርዝሩ መውጣት አለ። «አልተሻሻልኩም» ቢሉ የቀበሌው ሰው ፊት ይጠቁርባቸዋል፤ ምናልባትም ገምጋሚውን መንገድ ያሳየው እሱ ነው፣ በር ላይ ቆሟል። ስለዚህ «ተመስገን ነው፤ ከአምናው ይሻላል» ይላሉ። ይህን ውሸት የሚለው አገሩን የማያውቅ ነው። እንግዳን ማሳፈር ነውር በሆነበት ቤት፣ ይሉኝታ ያላቸው እናት ሌላ ምን ይበሉ? የናሙናውን ብዛት ጨምሬ አስተካክለዋለሁ የሚል ባለሙያ አይጠፋም። ይሉኝታን ግን በሺህ ቤት ብታባዙት ያው ይሉኝታ ነው።

በዚህ ላይ ትዝታ አለ። ኢሕአዴግ ከትግል ሜዳ ይዞት የመጣው ግምገማ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው ለዓመታት የኖረ ልማድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሰው የሚጋለጥበትና ከቦታው የሚነሣበት ስብሰባ ሆኖ ነው። ከዚያ በፊትም በደርግ ዘመን የቀበሌ ስብሰባ ላይ ዝም ማለት ዕድሜ ነበር። «ሐሳባችሁን በነፃነት ስጡ» ብለን ስንጀምር፣ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ ይህችን ዐረፍተ ነገር ከእኛ በፊት ከማን ከማን እንደ ሰሟት መገመት አያቅተንም።

እንዲህ ስል ሕዝቡ መገምገም አያውቅም ማለቴ አይደለም። የዕድር ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ገንዘብ ያዡ ደረሰኙን ይዞ ይቆማል። ለፋፊው በጊዜ ወጥቷል ወይ? ድንኳኑ ሐዘንተኛው ደጅ በሰዓቱ ተተክሏል ወይ? ወንበሩና ድስቱ ሳይጎድል ተመልሷል ወይ? ቀብር የቀረው አባል ተቀጥቷል ወይ? ዳኛው ካልሠራ ይነሣል፣ ሌላ ይተካል። የዚያ ሰፈር ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ በፕሮጀክት ስብሰባ ላይ «ሁሉም መልካም ነው» ብሎ ቢወጣ ሰውየው አልተለወጠም። በዕድሩ ገንዘቡ የራሱ ነው፣ ደንቡን ያጸደቀው ራሱ ነው፣ የተናገረው ነገርም ዳኛ ያስለውጣል። በፕሮጀክቱ ስብሰባ ከሦስቱ አንዱም የለም።

ይህን ችግር ለመፍታት የተሞከሩ ዘዴዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ እኛው አገር ዐፈር ላይ የተፈተኑ ናቸው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ለንደን ከሚገኝ የአካባቢና የልማት ተቋም ጋር በወሎ ገጠር ፈጣን የገጠር ቅኝት፣ ማለትም ከነዋሪው ጋር እየተወያዩ አካባቢውን በአጭር ጊዜ የማጥናት ዘዴ፣ ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ ብዙም ሳይርቅ። ዛሬ በይበልጥ የምንሰማው ግን የማኅበረሰብ ነጥብ መስጫ ካርድን ነው። ኬር የተባለው ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. በማላዊ የጀመረው ሲሆን፣ ወደ እኛ የገባው ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተካሄደው የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሴቶች፣ ወንዶችና ወጣቶች ለየብቻ ተቀምጠው ስለ ጤና ጣቢያቸው የሚያሳስባቸውን ራሳቸው ይዘረዝራሉ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣሉ። የጤና ጣቢያው ሠራተኞችም ለራሳቸው ይሰጣሉ። ከዚያ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚያደርግ ይጻፋል፤ ከወራት በኋላ ነጥቡ እንደገና ይሰጣል። ለየብቻ መቀመጡን አትናቁት። ባሏ፣ አማቷና የቀበሌው ሊቀ መንበር ባሉበት ስለ ወሊድ ክፍሉ የምትናገር ሴት ስንት ናት?

ጤና ሚኒስቴር ካርዱን በየወረዳው ሲያስፋፋ ግን መመዘኛዎቹን አስቀድሞ ወስኖ ሰጠ፤ የመድኃኒት መኖር፣ የመጠበቂያ ጊዜ፣ የአምቡላንስ መገኘት፣ ንጽሕና፣ አክብሮት የተሞላ አገልግሎትና የመሳሰሉት። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ወረዳን ከወረዳ ለማነጻጸር አንድ መለኪያ ያስፈልጋል። መመዘኛዎቹም መጥፎ አይደሉም። ነገር ግን ዝርዝሩ ታትሞ በመጣ ቀን ሰዉ ወደ መልስ ሰጪነቱ ተመልሷል። መንገድ የሌለው ቀበሌ ነዋሪዎች ወላድን በቃሬዛ የሚያወርዱበትን ገደል አንደኛ መመዘኛ አድርገው ያስቀምጡት ይሆናል፤ በካርዱ ላይ ግን ቦታ የለውም።

ዘዴው ይሠራል ወይ ለሚል ከኡጋንዳ የተሻለ መልስ ሰጪ የለም፤ መልሱም ሁለት ነው። ማርቲና ብዮርክማንና ያኮብ ስቬንሰን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሃምሳ የገጠር ጤና ተቋማትን ባካተተ ሙከራ በግማሾቹ ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች አገልግሎቱን መዝነው ከሠራተኞቹ ጋር ሲነጋገሩ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞት በ33 በመቶ ቀንሶ አገኙ። ዓለም ተደነቀ። ከዓመታት በኋላ ፒያ ራፍለርና ባልደረቦቿ በዚያው አገር 376 ጤና ተቋማትን ባካተተ ጥናት ሲሞክሩት የሕክምናው ጥራትና የታካሚው እርካታ በመጠኑ ተሻሻለ፤ የሕፃናት ሞት ግን ንቅንቅ አላለም። ለመሻሻሉም ምክንያቱ የሕዝቡ ቁጥጥር መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም።

የመጀመሪያውን ጥናት ብቻ እየጠቀሱ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች ያሳዝኑኛል። የሁለተኛው ጥናት ትምህርት ለእኔ ይህ ነው፦ ነዋሪው ነርሷን «ለምን ተቆጣሽን?» ሊላት ይችላል፤ እሷም ልትታረም ትችላለች። መድኃኒቱ ከማዕከል መጋዘን ካልወጣ ግን እሷን መቶ ጊዜ ቢመዝኗት ምን ታመጣለች? የቀበሌው ነጥብ ወደ ላይ ወጥቶ በጀት የሚመድበውን ሰው የሚነካበት መንገድ ካልተበጀ፣ ድሃን በድሃ ማስገምገም ብቻ ይሆናል።

ደግሞም «ማኅበረሰቡ» ስንል አንድ አፍ ያለው አካል አድርገን እናወራለን። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ከሌላው ጋር ማዕድ በማይቆርሱበት ቀበሌ፣ የሽማግሌዎቹን ሐሳብ የሁሉም አድርጎ መመዝገብ አድልዎውን ማኅተም መምታት ነው። የራሱ መሬት የሌለው ወጣትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የአካባቢውን ሰው ማሳተፍ ባለሙያውን ሥራ አያስፈታውም፤ ያልተጠራው ማን እንደሆነ የመፈለግ ሌላ ከባድ ሥራ ይጨምርበታል።

እዚህ ያላችሁ ገንዘብ ሰጪዎችና አማካሪዎች በሚቀጥለው ውላችሁ ሁለት ነገር እንድታስገቡ እጠይቃለሁ። መጠይቁ ከመዘጋጀቱ በፊት መመዘኛው በቀበሌው ይውጣ፤ ውጤቱም ለጋሹ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በአካባቢው ቋንቋ እዚያው ይነበብ፣ ይታረም። ይህ ጊዜ ይፈጃል። በሰኔ የእርሻ ወቅትና በኅዳር አጨዳ ላይ ስብሰባ አይጠራም። ገበሬው ሥራውን ትቶ ለተቀመጠበት ቀንም አበል ይከፈለው፤ አማካሪው ሆቴል ላደረበት ይከፈለው የለ?