ከገላባት ማዶ፦ የመሪሳ ሙያ

አቅራቢዋ፦ የሱዳኗን ገላባት ከእኛዋ መተማ ዮሐንስ የሚለያት አንድ ድልድይ ነው። ወዲህ ጠላ በግልጽ ይሸጣል፤ ወዲያስ?

አቅራቢው፦ ወዲያ ገዳሪፍ ነው፤ የሱዳን የማሽላ ጎተራ። ከማሽላው የሚጠመቀው መሪሳ የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ በ1983 እ.ኤ.አ. ሸሪዓን ሲያውጁ ተከለከለ። በ2020 እ.ኤ.አ. ሙስሊም ላልሆኑ መጠጣት ተፈቀደ። በእገዳው ዓመታት ሙያውን በጓዳ ያቆዩት ሴቶች ናቸው፤ በመጥመቃቸው የታሰሩም ብዙ ናቸው። ይህ ሊነገርላቸው ይገባል።

አቅራቢዋ፦ በእርግጥ ይገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠምቅ ሴት ከምን ትጀምራለች?

አቅራቢው፦ ከብቅሉ። ማሽላው ተዘፍዝፎ፣ ጎንቁሎ፣ ደርቆ ይፈጫል። ከዚያ የማሽላ ዱቄት ተቦክቶ ሲኮመጥጥ ሊጡ በብረት ምጣድ ላይ እስኪጠቁር ይታመሳል፤ ሱሪጅ ይሉታል። የመሪሳ ቀለምና ጣዕም ከዚያ ይመጣል።

አቅራቢዋ፦ የእኛን እንኩሮ ይመስላል!

አቅራቢው፦ በጣም እንጂ፤ ልዩነቱ መሪሳ ውስጥ ጌሾ አይገባም። ጀማሪን የሚያስቸግራት ሙቀቱ ነው። ሱሪጁ ሳይቀዘቅዝ ብቅሉ ከተጨመረ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም ይሞታል፤ ስኳር ከሌለ ደግሞ እርሾው የሚበላው ያጣል።

አቅራቢዋ፦ እንግዲህ ብቅሉን ከመጨመሯ በፊት እጇን ነክራ ትሞክረው፤ ለብ ካለ ይበቃል።